ቸኳይ አረንጓዴ

ካሊና መቆለፊያውን ስትሠራ የምታስበው የአባቷን የታመመ ጉልበት ነበር።

መቆለፊያ ትበለው እንጂ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ተንሸራታች አዝራር ነው። በማውስ ይዘው ወደ ቀኝ ሲገፉት ቀለሙ ይለወጥና «ተቆልፏል» ይላል። ዓይን የሚያየው ይህንኑ ብቻ ነው። ሥራው ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ፕሎቭዲቭ ከተማ፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ያስተላልፋል፣ መልስ ይጠብቃል። ሁለተኛው ወገን ስክሪፕት የሚሉት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ገጹ በተከፈተበት ኮምፒውተር፣ ብራውዘሩ ውስጥ ይኖራል። መንሸራተቱም፣ ቀለሙም፣ ጽሑፉም የዚህ የሁለተኛው ናቸው። እውነቱን የሚያውቀው የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱን የሚያሳየው ሁለተኛው። ካሊና የቀን መምረጫ፣ የዋጋ ማወዳደሪያ፣ የፎቶ ማገላበጫ እየሠራች ዓመታት አሳልፋለች፤ ሁሉም ለማታውቃቸው ሰዎች ነበር። ለምታውቀው ሰው ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከተወለደችበት ከካሜን ዶል መንደር ራስጌ ግድብ አለ። የሐይቁ ውሃ ከምልክቱ ሲያልፍ የማስተንፈሻው በር ማንም ሳይነካው ራሱ ይከፈታል፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። ከበሩ ሥር ያለው የሲሚንቶ ቦይ ግን ከዳገቱ የሚንከባለለውን ግንድና ቁጥቋጦ ይሰበስባል፤ ሰው እየወረደ ካላጸዳው ይደፈናል። ሰው ሊወርድ ሲል በሩ እንዳይከፈት ይቆለፋል። ድሮ የሚቆለፈው ክንድ በሚያህል የብረት መወርወሪያ ነበር። አባቷ ራድኮ መንጠቆውን ይዞ ከታች ይቆማል። ጓደኛው ስታሜን በብረት ደረጃው ወጥቶ መወርወሪያውን ይከታል፣ በእጁ ይዳብሰዋል፣ ከዚያ «ተቆልፏል» ብሎ ይጮኻል። በመንደሩ «የስታሜን እጅ ብረት ሳይነካ አፉ አይከፈትም» ይባል ነበር። ያገባት ሴት እሺ ካለችው በኋላ እንኳ ሄዶ እናቷን ጠይቋል እያሉ ይስቁበታል።

ስታሜን ጡረታ ሲወጣ በቦታው ሰው አልተተካም። የውሃ ድርጅቱ መወርወሪያውን ከሞተር ጋር አገናኘው፤ ሞተሩ ከድረ ገጽ ላይ እንዲታዘዝ የማድረጉን ሥራ ካሊና ለምትሠራበት ትንሽ ቢሮ ሰጠ። እናም በጥበቃ ክፍሉ የተቀመጠ ሰው አዝራሩን ሲገፋ ቃሉ በሞባይል መስመር ፕሎቭዲቭ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ተራራውን ይወጣል፣ ከክፍሉ መስኮት ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ በር ላይ ያርፋል።

ይህን ለአባቷ በስልክ ስታስረዳው ሳቀ።

«ከጎረቤት ጨው ለመበደር ሶፊያ ደርሶ መመለስ ነው በይኛ።»

«እንደዚያ ነው፣ አባዬ።»

«ደረጃውን ካስቀረልኝ በኢስታንቡልም ዞሮ ይምጣ» አለ።

መጀመሪያ የሠራችው አዝራር የሚያውቀውን ብቻ የሚናገር ነበር። ሲገፉት ግራጫ ይሆናል፤ በሩ ራሱ «ተቆልፌያለሁ» ብሎ እስኪመልስ ግራጫ ሆኖ ይቆያል፤ መልሱ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። በውሃ ድርጅቱ ስብሰባ ክፍል ለማሳየት ሲሄዱ ምክትል ኃላፊው አቶ ካራካሼቭ ማውሱን ራሳቸው ያዙ። ገፉት። ግራጫ ሆነ። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኩ ቆዩ።

«ሞተ እንዴ?»

«መልስ እየጠበቀ ነው» አለች ካሊና። ድምጿ ጠረጴዛውን አልተሻገረም።

«ምን አለች?»

«መልስ እየጠበቀ ነው ትላለች» አለ አለቃዋ ቬሊን።

«ከማን?»

«ከበሩ።»

«በሩ ሊያስብበት ነው?» ዙሪያውን የተቀመጡት ሳቁ፤ አቶ ካራካሼቭ አልሳቁም። «የባንኬ ገጽ ነካ ሳደርገው ይታዘዘኛል። ይሄንን ለሚኒስቴር ሰዎች አሳይቼ፣ እስኪነቃ ድረስ ስለ አየሩ ላወራቸው ነው?»

ሲመለሱ መኪናውን የነዳው ቬሊን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው ሲቋቋም ጠረጴዛዎቹን በጀርባው ተሸክሞ ያወጣ ሰው ነው፤ ሠራተኛው ሲታመምም ሾርባ ይዞ ይጠይቃል።

«አረንጓዴውን አስቀድሚው» አላት መንገድ ላይ።

«ሳይቆለፍ?»

«ይቆለፋላ። ታዟል እኮ። አልቆለፍም ካለ መልሱ ሲመጣ ቀይ ታደርጊዋለሽ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንቺም ስንት ቦታ ሠርተሽዋል።»

እውነቱን ነው፤ ሠርታዋለች። ሰው አዝራር ሲነካ ስክሪፕቱ ሰርቨሩን ሳይጠብቅ «ሆኗል» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሆናል። የፎቶ አልበም ላይ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም።

«መልሱ ጭራሽ ካልመጣስ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ ቬሊን።

አሰበችበት። መልስ ሳይመጣ ከቆየ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እንዲለወጥና «አልተረጋገጠም» እንዲል አደረገች። ጥቂት መስመር ብቻ ነው የጻፈችው፤ ከሌላው ሥራዋ ሁሉ ግን አብልጣ የወደደችው እነዚህን ነበር። ይሁን እንጂ የተራራው የሞባይል መስመር ደካማ ነው። ቢጫው በየቀኑ መታየት ጀመረ። አቶ ካራካሼቭ ለቬሊን ደወሉ፤ በማግስቱም ደገሙ። ቬሊን ሱፍ እየፈለፈለ መጥቶ የጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቢጫውን አንሺልኝ።»

«መስመሩ ሲቋረጥ እኮ ነው የሚመጣው። እውነቱን ነው የሚናገረው።»

«እውነቱን ከርክክብ በኋላ ይናገራል። እስኪፈርሙ ብቻ፣ ካሊና።»

ፕሮግራመሮች የማይፈልጉትን መስመር ወዲያው አይሰርዙም። ከፊቱ ሁለት ሰያፍ ጭረት ያደርጉበታል፤ ማሽኑ ጭረቱን ሲያይ መስመሩን ዘሎት ያልፋል፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ካሊና ጭረቶቹን አስገባች። ከጎናቸው «ለጊዜው» ብላ ጻፈች። በዚያ ቢሮ ኮድ ውስጥ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እየለቀመ ሊሄድ ይችላል።

መጋቢት ሲገባ ቅዳሜ ዕለት ወደ ካሜን ዶል ወጣች። እናቷ ዝላትካ ባኒትሳ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ ጋግራ ጠበቀቻት። ካሊና በአገሩ ልማድ መጋቢት ሲገባ የሚታሰረውን፣ ሽመላ እስኪታይም የማይፈታውን ቀይና ነጭ ክር በእናቷ እጅ አሰረች፤ የአባቷን ድርሻ ደግሞ ከባኒትሳው ጋር ይዛ ወደ ግድቡ ሄደች። የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ስታሜንም ነበር። ጡረታ የወጣው ከደመወዙ ነው እንጂ ከወንበሩ አይደለም።

«የቢሮዋ እመቤት መጣች» አለ ስታሜን። «ነይ ግቢ። አባትሽ እዚህ ሰው አያናግርም፤ ከአዝራርሽ ጋር ነው የሚውለው።»

«ቅናት ነው» አለ ራድኮ። እጁን ዘርግቶ ክሩን አሰረችለት። «ሽመላ ሳላይ አልፈታውም። አምናም እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት፤ እሱ የጎረቤት ዝይ አይቶ ፈታው።»

«ዝይ አልነበረም።»

«ዝይ ነበር፤ ባለቤቷም ስትፈልጋት ነበር።»

በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገጹ ተከፍቷል። ራድኮ አይዘጋውም። ማታ ሲሄድ ማያው ብቻ ይጠቁራል፤ ጠዋት ማውሱን ሲነካው ገጹ እንዳለ ይጠብቀዋል። የሌላ አገር እንግዳ መጥቶ ካየው ጀምሮ ከጎኑ የልጁን ፎቶ አቁሟል፤ «እሷ ናት የሠራችው» ለማለት እንዲመቸው።

«እይኝ እስቲ እንዴት እንደምሠራበት» አለና አዝራሩን ገፋ። አረንጓዴ ሆነ፤ «ተቆልፏል»። ራድኮ ተነስቶ መንጠቆውን ከግድግዳው አወረደ። «አየህ፣ ስታሜን? ሳትጮኽ።»

«ልጅህ አረንጓዴ ካለች ወንዙም ይደርቅልሃል» አለ ስታሜን።

ራድኮ ወጣ። ካሊና ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ ከኮምፒውተሩ በስተኋላ ወዳለው የሞባይል መስመር መቀበያ ሄደ። ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። መስመር ሲኖር ሰማያዊ መብራት ታሳያለች። አሁን ቀይ ነበረች።

ከወንበሩ ስትነሳ የባኒትሳው ሳህን ወደቀ። ሮጣ ስትወጣ አባቷ የቦዩን መውረጃ መሰላል በሁለት እጁ ይዞ አንድ እግሩን ወደ ታች ሰዷል።

«አባዬ፣ ቆይ። ውጣ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ውጣ ብቻ።»

ቀስ ብሎ ወጣ። ጉልበቱ ሲታጠፍም ሲዘረጋም ያመዋል፤ አፉ ግን አይናገረውም፤ አፍንጫው ነው የሚነፋው።

«አረንጓዴው አንዳንዴ ይቸኩላል» አለችው። ከዚህ በላይ የሚሆን ቃል ፈለገች፤ ስታሜንም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «መስመሩ ሲጠፋ ሳይቆለፍ ተቆልፏል ይላል። እስካስተካክለው ድረስ ደረጃውን ወጥተህ መወርወሪያውን በዓይንህ እይ። ቃል ግባልኝ።»

ራድኮ ወደ ብረት ደረጃው ቀና ብሎ አየ።

«የልጄን ሥራ ልሰልል ነው?»

«ሰልል።»

«እሺ» አለ፤ ትንሽ ከፍቶት። «ላንቺ ስል እወጣለሁ።»

ወጣ። ወጥቶም ከላይ ሆኖ አልተቆለፈም አለ።

ካሊና ፕሎቭዲቭ እንደተመለሰች ለቬሊን ነገረችው። ርክክቡ የሳምንት ጉዳይ ነው፤ ታገሺ አላት። ታገሰች። በዚያ ሳምንት እናቷ ደወለች።

«ምንድነው ያዘዝሽው አባትሽን? በቀን ስንቴ ያን ደረጃ ይወጣል። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ግንዱ በዝቷል። ትናንት ከአልጋ ተደግፎ ነው የተነሳው። ማሽኑ ለጉልበቱ ነው የመጣው አላላችሁም?»

«አስተካክለዋለሁ፣ እማ።»

«አስተካክይና ንገሪው። ካንቺ ሌላ ማንንም አይሰማም።»

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ቬሊን ኮቱን ሳያወልቅ ፊቱ ቆመች። ይህን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ካሊና ሰው ወደ እሷ እስኪመጣ የምትጠብቅ ልጅ ናት።

«ቢጫውን ዛሬ እመልሰዋለሁ» አለችው። «ካልፈቀድክ ለውሃ ድርጅቱ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

ቬሊን የኮቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። «ካራካሼቭ ይጮኻል።»

«ይጩኽ።»

«እሺ፣ መልሺው» አለ። ኮቱን አወለቀና ሰቀለ። «እኔም ደስ አላለኝም ነበር።»

ጭረቶቹን አነሳች፣ «ለጊዜው» የሚለውንም ሰረዘች፣ ስክሪፕቱን ወደ ሰርቨሩ ላከች። በራሷ ኮምፒውተር ገጹን አድሳ አዝራሩን ገፋች፤ ከዚያ የመስመሩን ገመድ ነቀለች። አረንጓዴው ትንሽ ቆየ፤ ቢጫ ሆነ። ገመዱን መልሳ ሰካች፣ ገጹን አደሰች፣ ደግማ ነቀለች። ቢጫ። ለአባቷ ደወለች።

«አለቀ» አለችው። «ደረጃውን አትውጣ ከእንግዲህ። መስመር ከጠፋ ራሱ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ካየህ አትወርድም፤ አረንጓዴው ከቆየ ግን እውነት ነው።»

«አይቸኩልም?»

«አይቸኩልም።»

«እኔ የማደርገው ነገር አለ? የምነካው?»

«ምንም የለም፣ አባዬ። ጨርሼዋለሁ።»

«ስታሜን፣ ሰማህ?» አለ ራድኮ ከስልኩ ዞር ብሎ። «ጨርሳዋለች።»

ሐሙስ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ከቀትር በፊት ስልኳ ጠራ፤ ስታሜን ነበር። ስልክ ይዞ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

«ካሊና፣ ልጄ። በሩ ተከፈተ» አለ። የሚተነፍሰውን ሰማች፤ ከኋላው ደግሞ ውሃውን። «ከዛፎቹ ዘንድ አገኘነው። ከታች፣ ከአኻያዎቹ። ነይ።»

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር ዝናቡ መስኮቱን ይመታ ነበር። ካሊና ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነገሩን እንደ ሥራዋ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበችው። ዝናብና የቀለጠ በረዶ ሐይቁን ሞሉት። አባቷ ቦዩ ሳይደፈን ሊያጸዳ ፈለገ። አዝራሩን ገፋ። መስመሩ ጠፍቶ ነበር። ቢጫ መሆን ነበረበት። ቢጫ ከሆነ አይወርድም ነበር፤ አባቷ የነገረችውን የሚያደርግ ሰው ነው። ስለዚህ ቢጫ አልሆነም።

ለምን እንዳልሆነ የገባት አውቶቡሱ የድሮውን ወፍጮ ሲያልፍ ነው። አንድ ገጽ ሲከፈት ስክሪፕቱን ይዞ ይመጣል፤ እስኪዘጋ ወይም እስኪታደስ ድረስ በዚያው በያዘው ይኖራል። ሰርቨሩ ላይ አዲስ ቢቀመጥ አያውቅም። አባቷ ገጹን አይዘጋውም። እሷና የሥራ ባልደረቦቿ ገጽ ባዩ ቁጥር ያድሱታል፤ ሳያስቡት፣ ዓይን እንደማርገብገብ። ያን ጠዋት በራሷ ኮምፒውተር ላይ ስንቴ አድሳለች። እጇ ብቻውን የሚያደርገውን አፏ አልተናገረውም። «የምነካው ነገር አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

ሬሳውን ቤት አስገብተውት ነበር። እናቷ ክሩን ከእጁ አንጓ ላይ ሊያነሱ ሲሉ ከልክላለች። «ሽመላ አላየም» አለቻቸው፤ ተዉት።

ከቀብሩ ማግስት አጣሪዎች ይመጣሉ ተባለ። ፖሊስ የጥበቃ ክፍሉን ዘግቶ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ቁልፉን ለስታሜን ሰጥቶት ነበር። በመንደሩ ወሬው ቀድሟል፤ ሰርቨሩ ትእዛዝ አልደረሰኝም ስላለ ራድኮ ሳይቆልፍ ነው የወረደው ይባል ጀመር። ቡና ቤቱ በር ላይ የቆሙ ወንዶች ካሊና ስታልፍ ድምፃቸውን ቀነሱ። እናቷ ሌሊት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስትጠይቃት አድራለች።

«ቆልፎ ነበር ወይስ አልቆለፈም? ቸልተኛ ሰው ነበር አባትሽ?»

«ቆልፏል፣ እማ። ቃሉ ነው ያልደረሰው።»

«እንግዲያ ንገሪያቸው። ቸልተኛ እያሉ ከመቃብሩ በላይ እንዳይቆሙ።»

ለዚህ ነው ካሊና አጣሪዎቹን ቀድማ የሄደችው። ስታሜን ቁልፉን አዙሮ ከፈተላትና አብሯት አልገባም። ከኪሱ የአባቷ ፎቶ ያለበትን የሐዘን ማስታወቂያ አወጣ፤ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ክፍት በሆነው በር ላይ ያጣብቀው ጀመር። በየመብራት ምሰሶው ለጥፎ የተረፈው ነበር።

ማያው ጠቁሯል። ማውሱን ነካችው።

አረንጓዴ ነበር። «ተቆልፏል።»

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ገፍቶ ከሄደበት ጀምሮ እንደዚያው በርቶ ነበር። ሰርቨሩ አያውቅም፣ በሩ አያውቅም፤ ራድኮ ከመውረዱ በፊት ለመቆለፍ መግፋቱን የሚያውቅ በዓለም ላይ ይህ ውሸታም አዝራር ብቻ ነው። ከጎኑ የእሷ ፎቶ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፎቶ ማንሳት አለብኝ ብላ አሰበች፤ ግራ እጇ ስልኳን ፍለጋ ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ቀኝ እጇ ቁልፎቹ ላይ አርፎ ነበር። ማያውን እንዳየች ጣቷ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ።

ገጹ ነጭ ሆነ፤ ተመልሶ መጣ። አዲሱን ስክሪፕት ይዞ ነበር የመጣው። አዝራሩ ወደ ግራ ተመልሷል፤ ለጥቂት ጊዜ ግራጫ ሆኖ ቆየ፤ መስመሩ ገጹን አምጥቶ መልሶ ጠፋና ቢጫ ሆነ። «አልተረጋገጠም።»

ጣቷን ከቁልፉ ላይ ለማንሳት ራሱ ጊዜ ወሰደባት።

ከውጭ እግር ተሰማ። ከአጣሪዎቹ አንዷ፣ ከሶፊያ የመጣች መሐንዲስ ገባች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ከኋላዋ ቬሊን ነበር። ካሊናን ሲያይ አጠገቧ ሊደርስ ፈልጎ ቆመ።

«ልጁ ነሽ?» አለች መሐንዲሷ፤ ድምጿ ለስላሳ ነው። «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማረው።» ወደ ማያው ጎንበስ አለች። «ይሄ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው አይደል?»

«ነው» አለ ቬሊን ወለሉን እያየ። «መስመር ሲጠፋ ያስጠነቅቃል። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ይሄን አይቶ ነበር የወረደው።»

«አላየም» አለች ካሊና። ሁለቱም እስኪዞሩ ድምጿ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ነበር። «እዚህ ገጽ ላይ አዲሱ ስክሪፕት አልደረሰም። እኔ ነኝ እንዲያድሰው ያልነገርኩት፤ የሚነካ ነገር የለም አልኩት። አዝራሩን ገፍቷል፤ አረንጓዴ ሆኖለታል። አሁን እዚህ ስገባ አረንጓዴ ነበር። አደስኩትና ጠፋ።»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየቻት። ቬሊን ዓይኑን ጨፈነ። እሱ እንኳ የገባው ገና አሁን ነው።

«ለምን አደስሽው?»

«ልማድ ነው።»

«ማን አየው አረንጓዴ መሆኑን?»

«እኔ።»

«አንቺ ልጁ ነሽ» አለች መሐንዲሷ፤ አሁንም በለስላሳ ድምፅ። «የሠራሽውም አንቺ ነሽ። ይሄንን ብጽፈው ማንም አይቀበልልኝም። ሌላ ያየ ሰው አለ?»

ካሊና ቦርሳዋን ዘጋች፤ ፎቶ አላነሳችም ነበር።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ስታሜን ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ። የሙጫውን ብሩሽ እንደያዘ ቆሟል። «በሩን ስከፍትላት አይቻለሁ። አረንጓዴ ነበር። ተቆልፏል ይል ነበር።»

ስታሜን አላየም። ፊቱ ወደ በሩ ነበር፤ ወረቀቱን በመዳፉ እያስተካከለ፣ የራድኮን ፎቶ ማዕዘን እየጫነ። ዕድሜውን በሙሉ ከዚያ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እጁ ብረቱን ሳይነካ አንድ ቀን «ተቆልፏል» ብሎ የማያውቅ ሰው ነው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለች መሐንዲሷ።

«ነኝ።»

ወደ ካሊና ዞረች። «እውነት ነው? አብሮሽ አይቷል?»

ካሊና የስታሜንን እጅ አየች። ጣቶቹ ላይ ሙጫው እየደረቀ ነበር።

«አይቷል» አለች።

መሐንዲሷ ብዕሯን አውጥታ ጻፈች። ማያው ላይ ቢጫው እንደበራ ነው፤ አልተረጋገጠም ይላል።